ሰዓቱ ከየት ይጀምራል? የዳሌ ስብራት ሕሙማን የሆስፒታል አያያዝ ሲመረመር

በሕክምና ትምህርት ቤቶቻችን የዳሌ ስብራት የሚማረው በአመዛኙ እንደ አጥንት ችግር ነው። ተማሪው ኤክስሬዩን አይቶ ስብራቱ ከመገጣጠሚያው ከረጢት ውስጥ ይሁን ውጪ መለየት፣ የጋርደንን አራት ደረጃዎች መቁጠር፣ ከዚያም ለየትኛው ስብራት የትኛው ብረት እንደሚገባ መመለስ ይጠበቅበታል። ይህ ተገቢ ዕውቀት ነው። ሆኖም አንዲት የ75 ዓመት እናት ወድቀው ዳሌያቸው ሲሰበር ዕድሜያቸውን የሚያሳጥረው በአብዛኛው አጥንቱ ሳይሆን ከስብራቱ በኋላ በጀርባቸው ተኝተው የሚያሳልፉት ጊዜ ነው። የሳምባ ምች፣ የመኝታ ቁስል፣ የደም መርጋት፣ የሽንት ኢንፌክሽን፣ የጡንቻ መክሳት፣ ዴሊሪየም የምንለው ድንገተኛ የአእምሮ መቃወስ፤ እነዚህን ሁሉ የሚወልዳቸው ወይም የሚያባብሳቸው መተኛት ነው። የተደራጀ ሕክምና ባላቸው አገሮች እንኳ ዳሌያቸው ከተሰበረ አረጋውያን መካከል ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት በአንድ ዓመት ውስጥ ይሞታሉ። ከተረፉትም ብዙዎቹ ወደ ቀድሞ አረማመዳቸው አይመለሱም።

ስለዚህ ጥያቄው የትኛው ብረት ይሻላል የሚል ብቻ ሊሆን አይችልም። ሕመምተኛው ከወደቀበት ሰዓት ጀምሮ እንደገና እስኪራመድ ድረስ በማን እጅ፣ በምን ቅደም ተከተል፣ በምን ያህል ጊዜ ውስጥ ያልፋል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች ሁሉ በስፋት የሚጠቀሰውን የእንግሊዝን አሠራር በሂስ ዓይን መመልከት፣ ቀጥሎም ለእኛ ሆስፒታሎች የሚበጀውንና የማይበጀውን መለየት ነው። በመንገዳችን ላይ አንድ የቃል ነገር እናንሳ። በአማርኛ «ዳሌው ተሰበረ» ሲባል የዳሌ ቀለበት አጥንትም የጭን አጥንት የላይኛው ጫፍም ሊሆን ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚነገረው ስለ ሁለተኛው፣ ያውም ከቁመት በማይበልጥ አወዳደቅ በአረጋውያን ላይ ስለሚደርሰው ነው። በመኪና አደጋ የሚደርሰው የወጣቶች ስብራት የራሱ ሕግ ስላለው እዚህ አልተካተተም።

የአጥንት ቀዶ ሐኪምና የአረጋውያን ሐኪም አንድን ሕመምተኛ በጋራ ይያዙ የሚለው ሐሳብ አዲስ አይደለም። በደቡብ እንግሊዝ በሄስቲንግስ ከተማ ማይክል ዴቫስ የተባሉ የአጥንት ቀዶ ሐኪምና የአረጋውያን ሐኪሙ ኧርቪን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት በአንድ ክፍል አብረው ይሠሩ ነበር። ሐሳቡ ወደ አገር አቀፍ ሥርዓት የተለወጠው ግን እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። በዚያ ዓመት የብሪታንያ የአጥንት ሕክምና ማኅበርና የአረጋውያን ሕክምና ማኅበር በሽፋኑ ቀለም «ሰማያዊው መጽሐፍ» ተብሎ የሚታወቀውን መመሪያ በጋራ አወጡ፤ ብሔራዊው የዳሌ ስብራት መዝገብም ተከፈተ። መጽሐፉ ያስቀመጣቸው መመዘኛዎች ስድስት ብቻ ነበሩ። ሕመምተኛው ሆስፒታል በደረሰ በ4 ሰዓት ውስጥ የአጥንት ሕክምና ክፍል ይተኛ፤ ለቀዶ ሕክምና ብቁ ከሆነ በ48 ሰዓት ውስጥና በመደበኛ የሥራ ሰዓት ይሠራለት፤ ከመኝታ ቁስል ይጠበቅ፤ ከተኛበት ጊዜ አንሥቶ የአረጋውያን ሐኪም ይከታተለው፤ አጥንትን የሚያጠናክር መድኃኒት ያስፈልገው እንደሆነ ይመርመር፤ ዳግመኛ እንዳይወድቅም ምክንያቱ ይጣራ። ከስድስቱ አንዱ እንኳ ስለ ብረት ዓይነት አይናገርም።

ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2010፣ የእንግሊዝ መንግሥት ክፍያን ከጥራት ጋር አያያዘ። ሆስፒታሉ ተጨማሪ ክፍያ የሚያገኘው ሕመምተኛው በ36 ሰዓት ውስጥ ከተሠራለት፣ በ72 ሰዓት ውስጥ በአረጋውያን ሐኪም ከታየና ሌሎቹም መመዘኛዎች ከተሟሉለት ብቻ ሆነ። አንዱ ቢጎድል ተጨማሪው ገንዘብ የለም። በቀጣዩ ዓመት የወጣው የናይስ መመሪያ ደግሞ ቀዶ ሕክምናው በገቡበት ወይም በማግስቱ ቀን እንዲሆን፣ ሕመምተኛውም ከቀዶ ሕክምናው በማግስቱ ከአልጋ እንዲነሣ አሳሰበ።

ውጤቱን ከመዝገቡ ውጪ ባሉ መረጃዎች የመረመረና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከ2007 እስከ 2011 ባሉት ዓመታት በገቡበት ወይም በማግስቱ ቀን የተሠራላቸው ሕሙማን ድርሻ ከ54.5 ወደ 71.3 በመቶ ከፍ ሲል፣ በ30 ቀን ውስጥ የሚሞቱት ከ10.9 ወደ 8.5 በመቶ ወረዱ። ከዚያ በፊት በነበሩት አራት ዓመታት የሞቱ መጠን የቀነሰው ከ11.5 ወደ 10.9 ብቻ ነበር። በእነዚያ ዓመታት አዲስ መድኃኒት አልተገኘም፤ ተአምረኛ ብረትም አልተፈለሰፈም። የተለወጡት ሁለት ነገሮች ናቸው። ሕመምተኛው ባለቤት አገኘ፤ ሰዓቱም መቆጠር ጀመረ።

ሐያሲ የሆነ አንባቢ እዚህ ላይ ሊያቆመን ይገባል። ከመሻሻሉ ውስጥ ምን ያህሉ የፍጥነቱ፣ ምን ያህሉ የአረጋውያን ሐኪሙ፣ ምን ያህሉ የክፍያው ውጤት ነው? በእንዲህ ያለ ጥናት አንዱን ከሌላው ነጥሎ ማውጣት አይቻልም። የጋራ አያያዙን ለብቻው የሚደግፍ ጠንካራ ማስረጃ ግን ከኖርዌይ አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ላንሴት ላይ በታተመው የትሮንድሃይም ጥናት 397 አረጋውያን በዕጣ ተከፍለው ገሚሶቹ በአረጋውያን ክፍል፣ ገሚሶቹ በተለመደው የአጥንት ክፍል ታከሙ። ከአራት ወር በኋላ በአረጋውያን ክፍል የታከሙት የተሻለ ይንቀሳቀሱ ነበር።

የፍጥነቱ ማስረጃ ይበልጥ የተወሳሰበ ነው፤ በእኛም ዘንድ በተሳሳተ መንገድ ሲነበብ ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ2017 ከ42 ሺህ በላይ ሕሙማንን የተመለከተው የኦንታሪዮ ጥናት ከ24 ሰዓት በላይ የቆዩት በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድላቸው 6.5 በመቶ፣ ቀድመው የተሠራላቸው ደግሞ 5.8 በመቶ መሆኑን አሳየ። ይህ በዕጣ የተደለደለ ጥናት አይደለም። በ2020 የታተመው ሂፕ አታክ የተባለው ጥናት ግን በ17 አገሮች 2,970 ሕሙማንን በዕጣ ደልድሎ አንደኛውን ወገን በአማካይ በ6 ሰዓት፣ ሌላውን በ24 ሰዓት አካባቢ ቀዶ ሕክምና ሰጠ። በሞት ረገድ ጉልህ ልዩነት አልታየም፤ 9 በመቶ ከ10 በመቶ። በፍጥነት የተሠራላቸው ግን የዴሊሪየም መጠናቸው አነሰ፣ ቶሎ ቆሙ፣ ቶሎም ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ከዚህ ተነሥተው «እንግዲህ መዘግየት ጉዳት የለውም» የሚሉ ባልደረቦች ገጥመውኛል። ጥናቱ እንዲህ አላለም። ያነጻጸረው 6 ሰዓትን ከ24 ሰዓት ጋር ነው። የኛ ሕመምተኛ የሚጠብቀው በቀናት፣ አንዳንዴም በሳምንታት የሚቆጠር ነው፤ ይህን ያህል መዘግየት በዕጣ ደልድሎ የሚፈትን የሥነ ምግባር ኮሚቴ አይገኝም። ስለዚህ የኛ መዘግየት ማስረጃው ከሚደርስበት ክልል ውጪ ነው፤ በሂፕ አታክ ጥላ ሥር ሊጠለል አይችልም።

የእንግሊዙ አሠራር ድክመቶችም አሉት። የመጀመሪያው ከክፍያው የሚመነጭ ነው። ገንዘብ በሳጥን ምልክት ላይ ሲንጠለጠል ሳጥኑ ይሞላል፤ ሥራው መሠራቱ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። 36 ሰዓት ያለፈባቸው ሕሙማን ክፍያቸው አንዴ ስለጠፋ 37ኛውና 90ኛው ሰዓት በሆስፒታሉ ሒሳብ እኩል ይሆናሉ፤ በሕመምተኛው ገላ ላይ ግን እኩል አይደሉም። ሁለተኛው፣ መዝገቡ እስከ መውጫው በር ድረስ ብርቱ ሲሆን ከበሩ ውጪ ግን ይደክማል። ሕመምተኛው ከወራት በኋላ ይራመድ፣ ብቻውን ይታጠብ፣ መድኃኒቱን ይውሰድ የሚለው በበቂ ሁኔታ አይታወቅም። ሦስተኛው፣ ሥርዓቱ ያለ ቀዶ ክፍልና ያለ አልጋ ብቻውን አይቆምም። ከኮቪድ ወረርሽኝ ወዲህ በዚያው አገር በ36 ሰዓት ውስጥ የሚሠራላቸው ሕሙማን ድርሻ ማሽቆልቆሉ ይህን መስክሯል።

አራተኛው ድክመት ለእንግሊዞቹ ድክመት ላይሆን ይችላል፤ ለእኛ ግን ዋናው ነው። ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው ከሆስፒታሉ በር ነው። አምቡላንስ በስልክ በሚጠራበትና የወደቀ ሰው በሰዓታት ውስጥ ድንገተኛ ክፍል በሚደርስበት አገር ይህ አያስወቅስም። በኢትዮጵያ ግን የመዘግየቱ ትልቁ ክፍል ብዙ ጊዜ ያለፈው ከበሩ በፊት ነው። ከበሩ የጀመረ ቆጠራ ይህን ሁሉ ይሰውረዋል፤ ሆስፒታሉንም ከሚገባው በላይ ያመሰግነዋል።

ከበሩ በፊት ያለው ጊዜ የሚያልፈው የት ነው? አንደኛው መልስ ሁላችንም የምናውቀው ወጌሻ ነው። ስለ ወጌሻ በሐኪሞች ዘንድ የሚነገረው በአመዛኙ ምሬት ነው፤ ለምሬቱም ምክንያት አለ። ያልተላቀቀ፣ እርስ በርሱ የተነካከሰ የጭን አጥንት አንገት ስብራት ያለበት ሰው እየተንከሰሰም ቢሆን ሊራመድ ስለሚችል «ወለም ብሎኝ ነው» ይላል። በማሸት ያ ስብራት ሊላቀቅ፣ በትንሽ ብሎን ይድን የነበረው ሕመምተኛም የመገጣጠሚያ መተካት ሊያስፈልገው ይችላል። ቀርከሃውም ቢሆን ዳሌን አያግድም። ነገር ግን ሕዝቡ ወደ ወጌሻ የሚሄደው በአላዋቂነት ብቻ ነው ማለት ራስን መሸንገል ነው። ወጌሻው ቤት ድረስ ይመጣል። በመጣበት ሰዓት ሕመምተኛውን ይነካል። ዋጋውን አስቀድሞ ይናገራል። ከሁሉ በላይ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ድረስ ተጠያቂው እርሱ ራሱ ነው፤ ቤተሰቡ ማንን እንደሚጠይቅ ያውቃል። በሆስፒታላችን ያለ የዳሌ ስብራት ሕመምተኛ ቤተሰብ «የአባታችን ሐኪም ማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ዛሬ ተረኛው፣ ነገ ደግሞ ሌላው ነው። ሰማያዊው መጽሐፍ ለእንግሊዞች የሰጣቸው አንድ ባለቤት፣ በእኛ አገር ከሆስፒታል ይልቅ ወጌሻው ዘንድ ይገኛል። ይህ ሊያስቆጨን ይገባል።

ወደ ውስጥ እንግባ። ሕመምተኛው ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ የመጀመሪያው ጉድለት የሕመም ማስታገሻ ነው። የተሰበረ እግር አጥሮና ወደ ውጭ ዞሮ እየታየ፣ ማስታገሻው እስከ ኤክስሬዩ፣ ኤክስሬዩም እስከ ክፍያው ደረሰኝ ይቆያል። በእጃችን ያለው መፍትሔ ርካሽ ነው። ከብሽሽት በታች የሚሰጠው የፋሺያ ኢሊያካ የነርቭ ማደንዘዣ ቡፒቫኬይን፣ አንድ መርፌና የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል። አልትራሳውንድ ቢኖር ይመረጣል፤ በሌለበትም ከዳሌው የፊት ጉብታ እስከ ብልት አጥንቱ ጉብታ ያለውን መሥመር ከሦስት ከፍሎ፣ የውጪውና የመካከለኛው ሲሶ ከሚገናኙበት አንድ ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ መርፌው ሁለት ጊዜ ሲቀደድ በእጅ እየተሰማ መስጠት ይቻላል። የኮክሬን ግምገማ እንዳረጋገጠው የነርቭ ማደንዘዣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የእንቅስቃሴ ሕመምን ይቀንሳል፤ የዴሊሪየምንም ዕድል ያሳንሳል። የማደንዘዣ ባለሙያዎቻችን ይህን ያውቁታል። የሚጠሩት ግን ለቀዶ ክፍሉ ነው እንጂ ለድንገተኛ ክፍሉ አይደለም።

በዚህ ፈንታ ለሕመምተኛው የምንሰጠው የቆዳ መሳቢያ ነው። በፕላስተር ተጠቅልሎ፣ በገመድ ተጎትቶ፣ ጫፉ ላይ ድንጋይ ወይም በውኃ የተሞላ ዕቃ የተንጠለጠለበት እግር የአጥንት ክፍሎቻችን መለያ ምልክት ሆኗል ማለት ይቻላል። ከቀዶ ሕክምና በፊት የሚደረግ መሳቢያ ለአዋቂዎች የዳሌ ስብራት ጥቅም እንዳለው የሚያሳይ ማስረጃ እንዳልተገኘ ያው የኮክሬን ተቋም ከብዙ ዓመታት በፊት ገልጿል። ጉዳቱ ግን ይታያል። የአረጋዊ ቆዳ በፕላስተር ይላጣል፤ ተረከዝ ይቆስላል፤ ከሁሉም በላይ ሕመምተኛው መገላበጥ አይችልም። መሳቢያው እኛን «አንድ ነገር አድርገናል» ያሰኘናል፤ በዚያ ስሜት ሳምንት ያልፋል። ቀዶ ሕክምና ጨርሶ በማይገኝበት ቦታ እንደ መጨረሻ አማራጭ የሚሰጠው መሳቢያ ሌላ ጉዳይ ነው። የምተቸው ወረፋ ለማስጠበቂያ የሚሰቀለውን ነው።

ጾሙም እንዲሁ ነው። «ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምንም እንዳይቀምሱ» ተብሎ የተጻፈ ትእዛዝ ለስንት ሰዓት እንደሚጸና ማንም አይጠይቅም። ቀዶ ክፍሉ ለሌላ ድንገተኛ ይያዛል፣ ተራው ለነገ ይዛወራል፣ ሕመምተኛዋ ማታ ጥቂት ቀምሰው እኩለ ሌሊት ላይ እንደገና ይጾማሉ። ሦስት ቀን እንዲህ የከረሙ አረጋዊ ኩላሊታቸው ቢደክም፣ አእምሯቸው ቢዛባ ምን ይደንቃል? ጠጣር ምግብ ከ6 ሰዓት፣ ንጹሕ ፈሳሽ ደግሞ ከ2 ሰዓት በፊት ማቆም እንደሚበቃ የማደንዘዣ ትምህርት ከደነገገ ቆይቷል። ይህን ለመለወጥ በጀት አይጠይቅም።

በሰፊው መናገር የምፈልገው ከቀዶ ሕክምና በፊት ስለሚደረገው ምርመራ ነው። የአጥንት ክፍሉ ለውስጥ ደዌ ክፍል የማማከሪያ ወረቀት ይጽፋል። ወረቀቱ አንድ ቀን ያድራል። መልሱ «የልብ አልትራሳውንድ ይሠራና ይቅረብ» የሚል ይሆናል። ለልብ አልትራሳውንዱ ቀጠሮ አለ። ሲደርስ ሄሞግሎቢኑ ድሮ የተሠራ ስለሆነ ይደገማል። በዚህ መካከል ሳምባው ምች ይጀምረዋል፤ አሁን በእርግጥም ለማደንዘዣ ብቁ አይደለም። እያንዳንዱ ባለሙያ በየፊናው ጠንቃቃ ነው፤ የጥንቃቄዎቹ ድምር ግን ሕመምተኛውን ይጎዳል። የብሪታንያና የአየርላንድ የማደንዘዣ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ ቀዶ ሕክምናን ለማዘግየት ተቀባይነት ያላቸውን ምክንያቶች በቁጥር ለይቶ አስቀምጧል። ሄሞግሎቢን ከ8 ግራም በታች፤ ሶዲየም ከ120 በታች ወይም ከ150 በላይ፤ ፖታሲየም ከ2.8 በታች ወይም ከ6 በላይ፤ ያልተገታ የስኳር ሕመም፤ ያልተገታ ወይም ድንገት የተከሰተ የግራ ልብ ድካም፤ ሊታረም የሚችልና በደቂቃ ከ120 በላይ የሚመታ የልብ ምት መዛባት፤ ወደ ደም የተሰራጨ የደረት ኢንፌክሽን፤ ሊታረም የሚችል የደም አለመርጋት። ከዚህ ውጪ ያለው በጥቅሉ ምክንያት ሳይሆን ሰበብ ነው። የልብ ድምፅ ላይ ሹክሹክታ መሰማቱ ብቻውን ቀዶ ሕክምናን ለቀናት አያዘገይም፤ የማደንዘዣውን አሰጣጥ ይለውጥ ይሆናል። ይህ ዝርዝር ከነቁጥሩ በአንድ ገጽ ተጽፎ የውስጥ ደዌ፣ የማደንዘዣና የአጥንት ክፍል ኃላፊዎች ቢፈርሙበት ተረኛው ሐኪም ሌሊት ላይ ማንንም ሳያስፈቅድ መወሰን ይችል ነበር። ማደንዘዣው ከወገብ ይሁን ወይስ ሙሉ በሚለው ላይ የሚባክነው ክርክርም ያን ያህል የሚያዋጣ አይመስልም፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመውና 1,600 ሕሙማንን ባካተተው ሪጌይን ጥናት በሁለቱ መካከል ከ60 ቀን በኋላ በሞትም በመራመድም ጉልህ ልዩነት አልተገኘም።

ብረቱን በተመለከተ አጭር ቃል። ሕዝቡ «ብረት» የሚለው የማስተካከያ ዕቃ ከሆስፒታሉ መጋዘን በማይገኝበት ጊዜ ቤተሰቡ ወረቀት ተሰጥቶት ከውጪ ይፈልጋል፤ ገንዘብ እስኪያሰባስብም ቀናት ያልፋሉ። የጤና መድኅን አባልነት ያላቸውም ቢሆኑ ዕቃው ከሆስፒታሉ ከሌለ የሚጠብቃቸው ያው መንከራተት ነው። ግዥ የሐኪም ሥራ አይደለም ይባላል። በዓመት ስንት የዳሌ ስብራት ሕመምተኛ እንደሚመጣና በየትኛው መጠን ስንት ዕቃ እንደሚያስፈልግ ለገዥው ክፍል መንገር የሚችለው ግን ከሐኪሙ በቀር ማን አለ? ያልተቆጠረ ሕመምተኛ ዕቃም አይገዛለትም።

እዚህ ላይ የሚነሣው ብርቱ ተቃውሞ «የአረጋውያን ሐኪም ከየት እናመጣለን?» የሚል ነው። በአገራችን ይህ ሙያ ከሞላ ጎደል የለም፤ በቅርብም አይበዛም። ተቃውሞው ትክክል ቢሆንም ሥራውን ከማዕረጉ ጋር ያምታታል። የአረጋውያን ሐኪሙ በዳሌ ስብራት ክፍል የሚሠራው ከምናውቀው የተለየ ምሥጢር አይደለም። ፈሳሹን ያስተካክላል፣ መድኃኒቶቹን አይቶ የማያስፈልገውን ያቋርጣል፣ አእምሮው መዛባቱን ይፈትሻል፣ ሆድ ድርቀትንና የሽንት መዘጋትን ያክማል፣ ከሁሉም በላይ በየቀኑ ይመጣል። ይህን አንድ ጠቅላላ ሐኪም ወይም የውስጥ ደዌ ሬዚደንት በየማለዳው ሊሠራው ይችላል። ባለቤትነቱን ግን ለሐኪም መስጠት አልደግፍም፤ ኢንተርኑ በየወሩ፣ ሬዚደንቱ በየጥቂት ወሩ ይዛወራልና። የምትቆየው ነርሷ ናት። በእንግሊዝም ቢሆን ብዙ ሆስፒታሎች ሕመምተኛውን ከበር እስከ በር የምትከተል የዳሌ ስብራት ነርስ መድበዋል። በእኛ አገር አንዲት ልምድ ያላት የአጥንት ክፍል ነርስ የማዘዝ ሳይሆን የመጠየቅ ሥልጣን ቢሰጣት፣ ማለትም የዘገየውን ክፍል ደውላ «ለምን?» እንድትል በደብዳቤ ብትወከል፣ ከብዙ ስብሰባ ይሻላል። ይህ ሥራ ሌላ ተረኛነት ሳይቀነስላት ተጨምሮ የሚጫንባት ከሆነ ግን አይጀመር።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያለው ክፍል በእኛ ዘንድ ከሁሉ የተረሳው ነው። ብረቱ ገባ፣ ኤክስሬዩ አማረ፣ ሕመምተኛው አልጋው ላይ ቀረ። ቁስሉ እስኪደርቅ ይተኛ የሚል ያልተጻፈ ልማድ አለ። በጥሩ ሁኔታ የተሠራ ስብራት ዓላማው ሕመምተኛው በማግስቱ በሙሉ ክብደቱ እንዲቆም ነው፤ ካልቆመ ቀዶ ሕክምናው ግማሽ ጥቅሙን አጥቷል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ቁጥር ውሱን መሆኑ እውነት ነው። ይሁን እንጂ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች የሌላቸው አንድ ሀብት በእጃችን አለ፤ እርሱም አስታማሚው ነው። ቀንና ሌሊት ከአልጋው አጠገብ የሚቀመጥ፣ የሚያበላ፣ የሚያገላብጥ፣ ሕመምተኛው የሚያውቀውን ድምፅ የሚያሰማ ዘመድ ለዴሊሪየም መከላከያ ከሚመከሩት ነገሮች አብዛኛውን በተፈጥሮው ያሟላል። እኛ ግን አስታማሚውን የምናየው በዎርድ ዙር ሰዓት የሚባረር፣ መድኃኒት ለመግዛትም የሚላክ ሰው አድርገን ነው። እንዴት እንደሚያስቀምጥ፣ በየስንት ሰዓቱ እንደሚያገላብጥ፣ ምርኩዙን በየትኛው እጅ እንደሚያስይዝ በግማሽ ሰዓት ሊማር ይችላል። ስናሰናብትም ይህንኑ ዕውቀት ይዞ ወደ ቤት ይገባል።

ለአጥንት መሳሳት የሚሰጠው መድኃኒት ጉዳይ ሁለተኛው ስብራት እንዳይደርስ ያስፈልጋል፤ ዞሌድሮኒክ አሲድ ከዳሌ ስብራት በኋላ በ90 ቀን ውስጥ ሲሰጥ አዲስ ስብራትንም ሞትንም እንደቀነሰ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ሕመምተኛው በጊዜው ሳይሠራለት ስለዚህ ማውራት ግን ቅደም ተከተልን ማዛባት ይሆናል።

የቀረው መዝገቡ ነው። የሆስፒታሎቻችን አፈጻጸም ከሚለካባቸው መመዘኛዎች አንዱ የታቀደ ቀዶ ሕክምና የመግቢያ ቀጠሮ መዘግየት ነው። በድንገተኛ በር የገባው የዳሌ ስብራት ሕመምተኛ በዚህ ውስጥ አይቆጠርም፤ ከቤቱ ቀጠሮ የሚጠብቀው ተቆጥሮ፣ አልጋ ላይ የሚጠብቀው ሳይቆጠር ይቀራል። ስለዚህ መዝገቡን በየክፍላችን መጀመር ይኖርብናል። ኮምፒዩተር አይጠይቅም፤ አንድ መስመር የተሰመረበት ደብተር ይበቃል። የወደቁበት ቀንና ሰዓት፣ ወጌሻ ጋ ሄደው እንደሆነ፣ ከበሩ የደረሱበት ሰዓት፣ የመጀመሪያው ማስታገሻ የተሰጠበት ሰዓት፣ ለቀዶ ሕክምና የተወሰነበትና የተሠራበት ሰዓት፣ የዘገየበት ምክንያት፣ ከአልጋ የተነሡበት ቀን፣ በ30ኛው ቀን በስልክ ተጠይቆ የተገኘው መልስ። የመጀመሪያው ዓምድ ከእንግሊዙ መዝገብ የምንለይበት ነው፤ ከመውደቅ እስከ በር ያለው ጊዜ በቁጥር ሲታይ ለወረዳው ጤና ጣቢያና ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ምን መንገር እንደሚገባን ይታወቃል። ምናልባትም ከወጌሾቹ ጋር ተቀምጦ «ወድቆ መቆም ያቃተውን፣ እግሩ ያጠረውን አረጋዊ ሳትነኩ ላኩልን» ብሎ መነጋገር ይቻል ይሆናል።

በዚህ ደብተር ላይ ሳይመዘገቡ ሊቀሩ የሚችሉ ሕሙማን አሉ። ገንዘብ አጥተው ወይም መጠበቅ ሰልችቷቸው በራሳቸው ፈቃድ ፈርመው የሚወጡት፣ «ለቀዶ ሕክምና አይበቁም» ተብለው የሚሰናበቱት፣ ተራቸው ሳይደርስ በክፍሉ ውስጥ የሚሞቱት። የቀዶ ክፍሉ መዝገብ እነዚህን አያውቃቸውም፤ ሪፖርታችን የሚዘጋጀው ደግሞ ከዚያ መዝገብ ነው። የእንግሊዙ መዝገብ ቀዶ ሕክምና ያልተደረገላቸውንም ጭምር ይይዛል። የኛም ደብተር ስማቸውን መጻፍ ያለበት ድንገተኛ ክፍል በገቡበት ሰዓት እንጂ ቀዶ ክፍል በደረሱበት ሰዓት አይደለም።